ልክ ስልሳ

የሰዓት ሠሪው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያችን የመጣችው አባቷ ከተቀበሩ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የመጣችው ግን ስለ እናቷ ነበር። ተራ ሳትይዝ ቀጥ ብላ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ወንድሜ፣ ታስታውሰኛለህ?»

አስታወስኳት። አባቷ የልብ ድካም ነበረባቸው፤ በነርስነቴ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ከምከታተላቸው ሕሙማን አንዱ ነበሩ።

«እማዬ ምግብ አስጠልቷታል። የቀመሰችውን ሁሉ ትመልሳለች። ቢጫ ይታየኛል ትላለች፤ ግድግዳው ቢጫ፣ አምፖሉ ቢጫ፣ የእኔ ፊት ሳይቀር ቢጫ።» ዞር ብላ ከኋላዋ ያሉትን ሰዎች አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አባዬ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው ትላለች።»

«የትኛውን መድኃኒት?»

«የራሱን ነዋ! ጠዋት ጠዋት ሳሕን ላይ ታስቀምጥለታለች። ከሥራ ስመለስ የለም። አልጋ ሥር ፈለግሁ፣ ምንጣፍ ገለጥሁ፣ ቆሻሻ ውስጥ እጄን ከተትኩ። የለም። ዋጠው ነው የምትለኝ። እኔ ከሁለት ሰዓት በፊት ስለምወጣ አይቼ አላውቅም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹አባትሽን ለማን ጥዬ?›»

ነገ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት እመጣለሁ አልኳት። ከሄደች በኋላ መዝገቤን ገልጬ የአባቷን ስም ፈለግሁ። እናቷን የዚያን መድኃኒት አሰጣጥ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ ዲጎክሲን ይባላል። የደከመ ልብ በርትቶ እንዲመታ ይረዳል፤ ግን የሚረዳው መጠንና የሚጎዳው መጠን ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱ በታዘዘላቸው ቀን ሰዓት ሠሪውን ወንበራቸው ላይ፣ ባለቤታቸውን አጠገባቸው አስቀምጬ አንድም ነገር ሳልዘል አስረዳሁ። ሰውየው ራሳቸው አንዳንዴ ስለሚዘነጉ መድኃኒቱን የሚሰጡት ባለቤታቸው ነበሩ። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት። መጀመሪያ እጅ መታጠብ። ከዚያ የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ። ከዚያ የሕመምተኛውን ስም መጠየቅ።

እዚህ ላይ ሰዓት ሠሪው ሳቁ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራ ስሜን ልትጠይቀኝ?»

«ልማድ እንዲሆን ነው አባቴ።»

«ጠይቂኝ እንግዲህ፤ ምናልባት ቀይሬው ይሆናል።»

ከዚያ የልብ ትርታ። አንጓው ላይ ጣት አሳርፎ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። ከስልሳ በታች ከሆነ አለመስጠትና ለእኔ መደወል፤ ስልሳና ከዚያ በላይ ከሆነ መስጠት። ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ መጻፍ። «ደግሞ እኔ ያቁሙ ሳልልዎት እንዳያቆሙ፤ ለሕመምተኛው ሳይነገር የሚጀመርም የሚቆምም መድኃኒት የለም» አልኳቸው። እናትየው ሁሉንም ከአፌ እንደወጣ መለሱልኝ። ሴትየዋ የልብስ ስፌት ያስተምሩ ስለነበር ልክ የሚባል ነገር ያውቃሉ። የሦስት ወር መድኃኒት፣ ዘጠና ፍሬ፣ ቆጥሬ አስረከብኳቸው።

ጤና ጣቢያ ተመልሼ ለአለቃዬ ነገርኳት። ሕመምተኛው የተማረውን በራሱ አፍ ካልመለሰላት ከክፍሉ ስለማታስወጣው ከጀርባዋ ‹ሲስተር ድገሙልኝ› ነው የምንላት። «አንድም አልሳቱም» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«የጠየቅካትን አልሳተችማ» አለችኝ ከመዝገቧ ቀና ሳትል። «ያልጠየቅካት ግን ይኖራል።»

ከሃያ ሰባት ቀን በኋላ ሰዓት ሠሪው አረፉ። ቤታቸው ሄጄ አስተዛዘንኩ። መድኃኒቱ ትዝም አላለኝ።

ልጅቷ በመጣች ማግስት፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቤታቸው ደረስኩ። ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ጠበቀችኝ። እናትየው ከስተዋል። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ሲራመዱ ግድግዳ ይደግፋሉ። ሲያዩኝ ግን ፊታቸው በራ።

«መጣህ ልጄ? ይኸው ጠፋህብን! ዛሬስ አንተም ቢጫ ነህ።»

ክፍሉ እንዳለ ነው። ግድግዳው ላይ ሲጠገኑ የቀሩ ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ቆመዋል። የሰውየው ወንበር መስኮቱ ሥር ነው። የእጅ ሰዓታቸው በማሰሪያው የወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ አንጓቸው ያርፍበት በነበረው ቦታ ታስሯል። በዚያ ቤት የሚሠራው እሱ ብቻ ነበር።

አጠገቡ የሰጠኋቸው የመከታተያ ወረቀት ተለጥፏል። ቀረብ ብዬ አነበብኩት። ሰዓት ሠሪው በሕይወት በነበሩበት ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ 72፣ 68፣ 75፣ 66። የሞቱበት ቀን እንኳ ባዶ አልነበረም። ከማግስቱ ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ አምዱ በአንድ ቁጥር ተሞልቷል። 60። 60። 60።

«እናቴ፣ ይህ የማን ትርታ ነው?»

«የእሱ ነዋ። ቆይ አሁን፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

እጃቸውን ታጠቡ። ዕቃውን አነሱና ጽሑፉን በከንፈራቸው አነበቡ። አንዲት ነጭ ክኒን ሳሕኑ ላይ፣ ውኃውን በብርጭቆ አቀረቡ። ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብለው «ስምህን ንገረኝ» አሉ። ጠበቁ። መልስ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ሁለት ጣታቸውን የእጅ ሰዓቱ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰዓቱ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ይመታል። ከንፈራቸው ከምቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠሩ፣ ልክ እንዳስተማርኳቸው።

«ልክ ስልሳ» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። «ከስልሳ በታች አይደለም። ይሰጣል።»

የገዛ ትምህርቴ አንድ በአንድ ሲፈጸም በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ስልሳ የሚመታ የሞተ ሰው፣ ያወጣሁትን ወሰን በየቀኑ ያልፋል።

«በል ክፈት» አሉ ወደ ወንበሩ። የተከፈተው ግን የራሳቸው አፍ ነበር። ከተቀመጥኩበት ብድግ ከማለቴ ክኒኗ ገብታ፣ ውኃው ተጠጥቶ፣ ጉሮሯቸው ዋጥ አድርጎ አለቀ። ባዶውን ሳሕን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው አሳዩኝ።

«አየህ? ሳያስቸግረኝ ነው የሚውጠው።»

ከበሩ መጋረጃ ጀርባ ሆና ታይ የነበረችው ልጅ ጩኸቷን በእጇ ስታፍን ሰማሁ። እናትየው ራሳቸው እንደዋጡት አላወቁም። እያስመሰሉም አልነበረም፤ ፊታቸው ላይ ውሸት የሚባል አልነበረም።

የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። አርባ አራት፤ እሱም እየዘለለ። ማስመለሱም ቢጫ ማየቱም ከዚያው መድኃኒት ነው። በሌላ ሰው መድኃኒት ሃምሳ ሰባት ቀን የቆየ ልብ ነው። አንድ ሁለት ቀን ከጨመሩ የሚቆም ልብ ነው። ልጅቷን አምቡላንስ ጥሪ አልኳት።

«እናቴ፣ መድኃኒቱ ከአሁን ጀምሮ ቆሟል። እኔ ነኝ የምልዎት። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ተቆጡ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? መድኃኒቱ የእሱ ነው። ለሕመምተኛው ሳይነገር የሚጀመርም የሚቆምም መድኃኒት የለም ያልከኝ አንተ አይደለህም? እዚህ ተቀምጧል፣ ንገረው! እሱ እሺ ሳይል ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ልጅቷ «እማዬ፣ ኧረ በፈጠረሽ!» ብላ እጃቸውን ስትይዝ መነጨቋት። በግድ ብንጎትታቸው ያ ልብ እንደማይችል ገባኝ። ወንበሩ ፊት ሄጄ ተንበረከክሁ። ማፈር ነበረብኝ፤ ግን አላፈርኩም። ፈርቼ ነበር።

«አባቴ» አልኩ ለባዶው ወንበር። «ዲጎክሲን የሚባለው መድኃኒትዎ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል። ነገ አይሰጥም። የሚጎዳው የባለቤትዎን ልብ ነው። አሁን ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው። ይህን አስቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም፣ ቀጠልኩ። «የነገርኩዎትን ይድገሙልኝ።»

የእጅ ሰዓቱ ይመታል።

ከዚያ ከጀርባዬ እናትየው ተናገሩ። ድምፁ የእሳቸው ነው፤ አነጋገሩ ግን አይደለም። በእያንዳንዱ ምት አንድ ቃል፣ ሰዓቱን ተከትሎ ይወጣል።

«ነገ የለም። ከነገ ወዲያም የለም። እሷን ውሰዳት። ገባኝ፣ የደቂቃው ልጅ።»

ዞርኩ። እናትየው ነጠላቸውን ለብሰው ለመውጣት ተነሥተዋል። «በል እንግዲህ፣ እሺ ብሏል» አሉኝ በራሳቸው አነጋገር።

አምቡላንሱ ውስጥ ልጅቷ ጆሮዬ ሥር ጠየቀችኝ። «የደቂቃው ልጅ ማነው?»

እኔ ነኝ። አንድ ቀን እናትየው ገበያ ሄደው ሳለ ሰዓት ሠሪው «ግማሽ ደቂቃ ቆጥረህ በሁለት ብታባዛ ምን አለበት?» ብለውኝ ነበር። አይሆንም፣ ሙሉ ደቂቃ ነው ብዬ ድርቅ ስል «እሺ፣ የደቂቃው ልጅ!» ብለው ሳቁብኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። እርግጥ ኋላ ለባለቤታቸው ነግረዋቸው ሊሆን ይችላል። ባልና ሚስት ምን የማያወሩት አለ? እንደዚያ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

የተረፈውን ክኒን ጤና ጣቢያ ወስጄ ቆጠርኩት። ከዘጠናው ሰማንያ አምስቱ ተወስዶ አምስት ቀርቷል። አንድ ቀን አልዘለሉም፣ አንድ ፍሬ አልሳቱም። ለሲስተር ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንበሩን ብቻ አስቀረሁ። አምስቱን ክኒን ወደ ማስወገጃው ዕቃ ገለበጠች። «እስኪ ድገምልኝ» አለችኝ። «ያልጠየቅካት ምን ነበር?»

«መቼ እንደሚያቆሙ።»

እናትየው ሐኪም ቤት አሥራ አንድ ቀን ተኙ። ትርታቸው አርባ ስምንት ሆነ፣ ሃምሳ ሦስት ሆነ። ቢጫው ከዓይናቸው ለቀቀ፤ ምግብም መቅመስ ጀመሩ። በወጡ በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጅቷ የእጅ ሰዓቱን ከወንበሩ ፈትታ፣ ባትሪውን አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። ክፍሉ ጭር ብሏል። እናትየው ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ባለቤትዎ አሁንም ይመጣሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሞቷል እኮ ልጄ» አሉኝ፣ እኔን እንደሚያጽናና ሰው።

ደስ አለኝ። አንጓቸውን ያዝኩና የራሴን ሰዓት እያየሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ቆጠርኩ። አይቸኩልም፣ አይዘገይም፣ አይዘልም። በእያንዳንዱ ሴኮንድ አንድ ጊዜ ጣቴን ይነካኛል።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«ስልሳ።»

«ልክ?»

«ልክ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡና እጅጌያቸውን አንጓቸው ላይ ሳብ አደረጉ፣ ሰው እንደሚያለብሱ ሁሉ።

«እንግዲያው ሩቅ አልሄደም» አሉ።