ሸራውን ማን ይያዝላት?

በእኛ የባሕር ዳርቻ ሸራውን ብቻውን የሚያነሳ ወይ ሞኝ ነው ወይ እንግዳ። ወጣቶቹ ካይት የሚሉት ያ በነፋስ ሰውን ውሃ ላይ የሚጎትት ሸራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ባለቤቱ ወገቡን ታጥቆ ከረጅሙ ገመድ ጫፍ ይቆማል፤ ሌላው ሸራውን ይዞ ነፋስ እስኪሞላው ይጠብቃል። ባለቤቱ ገመዱን አይቶ አውራ ጣቱን ያነሳል። ያዡም አይቶ ያነሳና ይለቃል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ በባለቤቱ ነው፤ ያዡን ማንም አይጠይቀውም።

ታናሽ ወንድሜ ክራይን የሚስቱን የዮዚናን ሸራ መያዝ የጀመረው ገና ሲጋቡ ነው። ልጆቻቸው አድገው ከአገራችን ከዜላንድ ወጡ፤ እሱ አሁንም ይይዝላታል። ይይዝላት ነበር ልበል። በፋሲካ ሰሞን የጣሪያውን አሸንዳ ሲጠርግ ከመሰላል ወደቀና ጉልበቱ ተሰበረ። እሱ ቤት ተኝቶ ሳለ የዮዚናን ሸራ ባረንት ያዘላት።

ባረንት ከመሀል አገር መጥቶ መንደራችን ውስጥ ዳቦ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ሚስት የለውም፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ሳቁ ከባሕሩ ድምፅ በላይ ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን ሥርዓቱን አያውቅም ነበር። ከእንጨቱ ምሰሶ በስተሰሜን ለሸራዎቹ፣ በስተደቡብ ለእኛ ለዋናተኞች፣ ለሕፃናትና ለውሻ፣ የውሃው ጠርዝ በጠዋት ለፈረሶች መሆኑን ሳያውቅ በራሳችን ላይ እየተንሳፈፈ መጣብን።

«አንተ!» አልኩት፣ ራቁት ክንዴን እያወዛወዝኩ። «የእኔን ጭንቅላት ኳስ አደረግከው እንዴ?»

በማግሥቱ አንድ ከረጢት ቦሉስ ይዞልኝ መጣ፤ ያንን ቀረፋና ስኳር የሚያንጠባጥበውን የአገራችንን ጥምዝ ዳቦ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም በላሁ፣ ምን ልደብቃችሁ፤ ከወደድኩትም በቦሉሱ አይደለም፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ምሰሶውን አልፎ ስለማያውቅ ነው።

ክራይን ግን፣ «እትዬ፣ አንቺም በዳቦ ተገዛሽ?» አለኝ።

«ቅመሰው እስቲ።»

«ደረቅ ነው።»

«ሳትቀምሰው?»

«ከዚህ ሆኖ ያስታውቃል።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ቅናት እንደዚህ ነው፤ ዳቦውንም ያደርቀዋል።

ክራይን በበጋው መጨረሻ ምርኩዙን ይዞ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ውሃ መግባት አልተፈቀደለትም፤ ሸራ መያዝ ግን ማን ይከለክለዋል? ዮዚና ሸራዋን በአየር ነፋች፣ ዞር አለችና ለባረንት ሰጠችው። ክራይን ከምሰሶው ሥር የሚታጠፈው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የባረንትን አውራ ጣት ሲያይ ዋለ። ማታ ሲጠይቃት፣ «ለጉልበትህ አስቤ ነው፣ አንተ ሰው» አለችው። እሱም ነገሩን ለእኔ ሲነግረኝ፣ «ጉልበቴ! እሷ የምታየው የሱን ትከሻ ነው» አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባረንት በያዘ ቁጥር ከወንበሩ ሆኖ ይጮኻል፤ «ዝቅ አድርገው! ወደ ውሃው አዙረው!» ይላል። ሰው ሁሉ ይሳሳቃል። ዮዚና ጆሮ መስጠት ተወች።

አንድ እሑድ ከሰሜን እየቆየ የሚመታ ነፋስ ተነሳ። እንዲህ ያለ ነፋስ ሸራዎቹን ሁሉ ወደ እኛ ወገን ስለሚገፋ፣ አዋቂዎቹ ከምሰሶው ርቀው ነው የሚያነሱት። ዮዚናም ርቃ ሄዳ አንድ ጓደኛዋ ያዘላት፤ ውሃው ላይ እንደ ወፍ ትመላለስ ነበር። ባረንት ዘግይቶ ደረሰ። ሊደርስባት ቸኩሎ ነው መሰለኝ፣ እዚያው ምሰሶው አጠገብ ሸራውን ዘረጋ። ያዥ ፈለገ። ከክራይን በቀር መያዝ የሚያውቅ ቅርብ ሰው አልነበረም።

«ትይዝልኛለህ?» አለው።

በእኛ ዘንድ ያዝልኝ ሲባል እምቢ አይባልም። ክራይን ምርኩዙን አሸዋው ላይ ተከለና ያዘለት።

እኔ ከውሃ ወጥቼ ፎጣዬን ልወስድ ወደ ክራይን ወንበር ደርሻለሁ። ከኋላዬ ዋናተኞቹ ሻይ ይቀዳሉ፣ ሁለት ሕፃናት ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ባረንት ከገመዱ ጫፍ ቆሞ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ዮዚና አየና አውራ ጣቱን አነሳ።

ክራይን አላነሳም። ወደ ሸራው ክንፍ ጫፍ ሲያይ ዓይኑን ተከተልኩት። አንዱ ገመድ ጫፉን ዞሮ ተጠምጥሟል። እንዲህ ሆኖ የተለቀቀ ሸራ እየተሽከረከረ ሰውየውን አሸዋ ላይ ይጎትታል፤ ያን ቀን ደግሞ የሚጎትተው ወደ ምሰሶውና ወደ እኛ ነው።

ክራይን ገመዱን አየ። ባረንትን አየ። ወደ ባሕሩ ዞሮ ሚስቱን አየ። እንደገና ባረንትን አየ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ልቀቀው እንጂ!» ጮኸ ባረንት፣ አውራ ጣቱን እየነቀነቀ።

ወንድሜ አውራ ጣቱን ወደ መሬት ደፋ። ሸራውን አሸዋው ላይ ገልብጦ በሙሉ ሰውነቱ፣ በዚያ በክፉ ጉልበቱ ተኛበት።

ሰው ግር ብሎ መጣ። ባረንት መታጠቂያውን ፈትቶ እየሮጠ ደረሰ። «ምን ሆነሃል? እስከ መቼ ነው የምትቀናብኝ?» አለ፣ ሁሉም እየሰማ።

ክራይን በምርኩዙ ጫፍ ገመዱን አሳየው። ባረንት ገመዱን አየ፣ ሕፃናቱን አየ፤ ደም ከፊቱ ሸሸ። ከዚያ ወንድሜን አቀፈው።

«ተወኝ፣ በላብ ረጥበሃል» አለ ክራይን። «ይልቅ ሸራህን ራቅ አድርገን እንዘርጋው።»

አብረው ፈቱት። ርቀው ሄዱ፣ ክራይን ያዘለት፣ አውራ ጣት ለአውራ ጣት ሆነ፣ ሸራውም ቀጥ ብሎ ተነሳ። እያነከሰ ተመለሰና ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«አየሽ እትዬ? በገዛ እጄ ላኩት። ቀጥ አድርጌ ወደ እሷ።»

ዮዚና ከውሃ ስትወጣ ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ ፊቱ ቆመች።

«አውራ ጣትህ ቆየ» አለችው።

«ገመዱ ተጠላልፎ ነበር።»

«ሰምቻለሁ። ገመድ ማየት አንተን ያን ያህል አያቆይህም። እኔ ነኝ የማውቅህ።»

አሸዋውን በምርኩዙ ቆፈረ። «ልለቀው አስቤ ነበር፣ ዮዚና። ለአፍታ ያህል።»

እኔ ፎጣዬን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ እንደገና አጠፍኩ። እሷ ከደህናው ጉልበቱ ጎን አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

«ነገ አንተ ትይዝልኛለህ።»

«ባረንትስ?»

«ባረንት ሸራዬን ይዞ የሚያየው እኔን ነው። አንተ የምታየው ገመዱን ነው። በዚህ ስንት ጊዜ ተቀይሜህ ነበር መሰለህ!»

ክራይን ቀና አለ። «ያይሻል? እንዴት አድርጎ ነው የሚያይሽ?»

እሷ እስክትደክም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እጁን ከባረንት ዳቦ ቤት ቦሉስ ወደያዝኩበት ከረጢቴ ሰደደና አንዱን አውጥቶ ገመጠ፣ ባሕሩ ላይ ያለውን ሸራ በዓይኑ እየተከተለ።

«ደረቅ ነው» አለ፣ አፉ ሞልቶ። ጣቶቹን ላሰና ሁለተኛውን አወጣ።