የቀዩ መንገድ መጨረሻ

ከከተማችን ጀርባ ያሉትን ኮረብታዎች ተራራ ብሎ የሚጠራቸው የእህቴ ባል ብቻ ነው። ላም ሳትደክም የምትወጣቸው፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች ናቸው። እሱ ግን የእግር ጉዞ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ድምፁን ያወፍራል። "ተራሮቻችን" ይላል፣ ራሱ የወለዳቸው ይመስል።

ማኅበሩ ሦስት መንገዶች አሉት። አረንጓዴው ለጀማሪና ለአዛውንት ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ይነሳና በጥድ ዛፎቹ ሥር ዞሮ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ያልቃል። ሰማያዊው ትንሽ ዳገት አለው። ቀዩ ለብርቱዎች ነው፤ "ብርቱዎች" የሚለውን ስም ያወጡት ራሳቸው ብርቱዎቹ ናቸው። ድንጋዩ ላይ ቀለሙን የቀባው፣ በየመታጠፊያው ሰሌዳ የተከለው የእህቴ ባል ነው። መፈክሩም የእሱ ነው፦ "ለሁሉም ደረጃ መንገድ አለ።" በቃል ሲናገረው ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል፦ "ሁሉም ደረጃውን ይወቅ።" እሱ በሌለበት ጄኔራሉ ነው የምለው። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ እራት የምበላው እነሱ ቤት ነዋ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ማኅበርተኛው አንገቱ ላይ የሚያስረውን ጨርቅ በሦስት ቀለም ቆርጬ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጄኔራሉ መኪና ማቆሚያው መሀል ይቆምና፣ በግ እንደሚገዛ ሰው እያንዳንዱን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ ያድላል። "አንተ፣ ሰማያዊ። እርስዎ እናቴ፣ አረንጓዴ። ዶክተር፣ ቀይ!" የቀዩ ጨርቅ ርካሽ ስለነበር ሲያልባቸው ቀለም ይለቃል። ሰኞ ዕለት አንገቱ ሮዝ የሆነ ሰው ካያችሁ ከብርቱዎቹ አንዱ ነው። አንዳንዶቹ ሆን ብለው አይታጠቡትም። ያ ዶክተር የተባለው የጥርስ ሐኪም በዚያ ሮዝ አንገቱ አፌ ላይ ሲያጎነብስ፣ ድዴን ባያደነዝዘው ኖሮ ፊቱ ላይ እስቅ ነበር።

ከእሱ የማይሻል ሌላም አለ፣ ባለሁለት ዱላው። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቢሮው አንደኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሳለ አሳንሰር ቆሞ ይጠብቃል፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን ሁለት የብረት ዱላ፣ ጉልበቱን የሚያክል ጫማና በቱቦ የሚጠባ የውኃ ከረጢት ተሸክሞ ይመጣል። ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ።

ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ታላቄን ሁላችንም እታለም እንላታለን። ልጆች ሳለን ኳስ ጣሪያ ላይ ሲቀር ግድግዳ ቧጥጣ የምታወርደው እሷ ነበረች፤ እኔ ታች ቆሜ "ትወድቂያለሽ" እያልኩ አለቅስ ነበር። ይህችን ሴት የገዛ ባሏ ዓመት በዓመት አረንጓዴ ያስርላታል። ከአዛውንቶቹ ጋር ጥዶቹን ትዞርና፣ ተመልሳ ዳቦ ትቆርጣለች፣ የሻይ ፔርሙሶቹን ትደረድራለች፤ ብርቱዎቹ ከላይ እያለከለኩ ሲወርዱ እንዲበሉ። "ለምን ዝም ትይዋለሽ?" ስላት፣ "ሆድ ይፍጀው" ትልና ትስቃለች። ሳቋ ያናድደኝ ነበር።

ዘንድሮ ዳሌዋ ታመመ። የአጥንት ሐኪም አይቶ አጥንቱ እየተበላ ነው፣ ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ ዳገት የሚባል ነገር እርሺው አላት። ከሐኪሙ በቀጥታ ወደ ሥራ ክፍሌ መጣች። የተቆራረጠውን ጨርቅ ከወንበሩ ላይ ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

"ሳይቀየር በፊት አንድ ጊዜ እዚያ መውጣት አለብኝ" አለች።

"የት?"

"ቀዩ መንገድ ያለበት ኮረብታ ላይ። ጫፉ ላይ። ሳንጋባ በፊት ሁለታችን ሄደን ነበር። ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ተመለስኩ። ከማዶ ምን እንዳለ ሳላይ ይኸው አረጀሁ።"

"ለምን ተመለስሽ?"

"እንዲያው" አለችና ከቀሚሷ ላይ የእኔን ክር መልቀም ጀመረች።

የዚያኑ ቀን ማታ እራት ላይ ባሏን ጠየቀችው። የጥርስ ሐኪሙና ባለሁለት ዱላው እንግዶች ነበሩ፤ ስለ ጫማ ሶል እያወሩ ሾርባው በርዶባቸዋል። ጄኔራሉ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ አፉን በናፕኪን ጠረገ፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"የኔ እመቤት፣ ላንቺ አረንጓዴ አለልሽ። ለሁሉም ደረጃ መንገድ አለ። ሁሉም..."

"ደረጃውን ይወቅ!" አሉ ሁለቱ እንግዶች በአንድ አፍ።

"ደግሞ ጫፍ የሚባል ነገር የለም" አለ። "መንገዱ ሰሌዳው ጋ ያልቃል። ከዚያ በላይ ድንጋይ ይናዳል። ማንም አይሄድም። በዚያ ዳሌማ..." ብሎ ሳቀ። እንግዶቹም አጀቡት። እታለም ሳህኖቹን አነሳስታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ያን ሰውዬ ከዚያ በፊትም አልወደውም ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን ከልቤ ጠላሁት።

ቤቴ ገብቼ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። ለሠርግ ቀሚስ ካስቀመጥኩት ምርጥ ጨርቅ፣ ቀለም ከማይለቀው ቀይ ቆርጬ አንድ የአንገት ጨርቅ ሰፋሁላት።

ቅዳሜ አስራው መጣች። ጄኔራሉ ገና ሲያያት ክው አለ።

"ምንድን ነው ይሄ? አውልቂው።"

"ከኋላ ከኋላ እመጣለሁ፤ ማንንም አላስቸግርም" አለች።

ሰው እያየው ነበር። ሚስቱን ቢቆጣ ነውር ሊሆንበት ነው፤ ስለዚህ ወደ ብርቱዎቹ ዞሮ፣ "ተዉአት፣ የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ጋ እንሰናበታታለን" አለ። ሳቁ። እኔም ያልተሰጠኝን ቀይ ከካርቶኑ መዥርጬ አሰርኩ። "አንቺ ደግሞ የት ነው?" ሲለኝ፣ "ደረጃዬን ልፈልግ ነው ጋሼ" አልኩት።

ዳገት እንደምጠላ እግዜር ያውቃል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ደረሰ፤ የወጣልኝ ስድብ ብቻ ነበር። እታለም ግን የታመመውን እግሯን ወደ ጎን ጣል እያደረገች፣ ድንጋዩን በእጇ እየደገፈች፣ ሳትቸኩል ትወጣለች። አግዳሚ ወንበሩን አላየችውም። ባለሁለት ዱላው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የውኃ ቱቦውን ሲጠባ አገኘነው። "ዕይታውን እያደነቅኩ ነው" አለን። ፊቱን ያዞረው ወደ ቁጥቋጦ ነበር።

ሰሌዳው ጋ ስንደርስ ብርቱዎቹ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተዘርግተዋል። ከተማው ከታች ይታያል። ሰሌዳው ላይ በትልልቁ "የቀዩ መንገድ መጨረሻ" ተጽፏል፤ የጥርስ ሐኪሙ አቅፎት ፎቶ እየተነሳ ነበር። ጄኔራሉ እታለምን ሲያይ የያዘው ዳቦ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

"በርቺ፣ ደረስሽ እኮ!" አለ ቶሎ ብሎ። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ፎቶ እናንሳሽ።"

እሷ አልተቀመጠችም። በሰሌዳው ጎን አለፈች።

ከሰሌዳው በላይ መንገድ አለ። ማንም ዓይን ያለው ሰው ያየዋል። ቀጭን ነው፤ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ቁልቁለት። ገደል ነው ብዬ አልዋሽም፤ እዚያ ወድቆ የሚሞት ሰው ብዙ መጣር ይኖርበታል። ቢበዛ ተንከባልሎ እሾህ ውስጥ ይገባል። ቀጭኑ መንገድ ካለቀ በኋላ ጫፉ ነው፤ ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ ተደራርቦበት በግልጽ ይታያል።

"ተይ! ይናዳል!" ብሎ ጄኔራሉ ብድግ አለ። ዳቦው ወደቀ።

እታለም ቋጥኙን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። ድንጋዩ ድንጋይ ነው። "የት አለ የሚናደው?" አለችና ቀጠለች።

ሁሉም ወደ ጄኔራሉ ዞሩ። የጥርስ ሐኪሙ፣ "ሊቀመንበር፣ መንገድ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ፣ በየዋህነት። ምናምን ያለበት ዝላይ አይችልም የሚባለው እውነት ነው፤ ሰውዬው ሊመልሳት ብሎ ሮጠ። ቀጭኑ መንገድ ላይ ገባ። አንድ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የደከመው መሰለኝ። ቀስ እያለ ደረቱን ከቋጥኙ ጋር አጣበቀ። ሁለት እጁን ዘረጋና ድንጋዩን አቀፈ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ያ ሁሉ ኪስ ያለበት ሱሪው ሲርገበገብ ከሰሌዳው ጋ ሆነን እናየዋለን። ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ።

"አትተይኝ! እታለም፣ ነይ! አትተይኝ!"

እሷ ጫፉ ሥር ደርሳለች። ዞር ብላ አየችው። አልደነገጠችም። አልገረማትም። ይህን አስተያየቷን ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሳይጋቡ በፊትም እዚሁ ቋጥኝ ላይ እንዲሁ ተለጥፎ፣ ይህንኑ ጩኸት ጮኾ፣ እሷ ጫፉን ትታ ተመልሳ በእጁ ይዛ አውርዳዋለች። ከዚያ አግብታዋለች። ከዚያ እሱ ሊቀመንበር ሲሆን፣ የፈራበት ቦታ ላይ ሰሌዳ ተክሎ የመንገድ መጨረሻ አደረገው፤ ሲፈራ ያየችውን ሴት ደግሞ አረንጓዴ አስሮ ከጥዶቹ ሥር አስቀመጣት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ይህ ሁሉ ሮዝ አንገት የአንድ ፈሪ ጉልበት ያቆመበት ቦታ ድረስ እየወጣ፣ ጫፍ ወጣሁ ብሎ ሲፎክር ኖሯል።

"እታለም!" አለ እንደገና፣ ሊያለቅስ ነው።

"ቆየኝ" አለችው። "አይዞህ። መጣሁ።"

ከዚያም ዞረችና ወጣች።

ጫፉ ላይ ቆመች። ጀርባዋን ነበር የምናየው፣ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ፣ ቀዩ ጨርቅ በነፋሱ ትከሻዋን እየመታ። አልቸኮለችም። ደስ ያላትን ያህል አየች። ከብርቱዎቹ አንድም ሰው ሊቀመንበሩን ሊይዝ አልሄደም፤ የጥርስ ሐኪሙ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። እኔ መርዳት እችል ነበር። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጄኔራሉን ሁለተኛ ዳቦ በላሁ። ጥሩ ዳቦ ነበር፤ እታለም ናት የጋገረችው።

ስትወርድ አጠገቡ ደረሰች፤ ላብ የጠጣውን ኮፍያውን አወለቀችለት፣ እጁን ከድንጋዩ ላይ ጣት በጣት አላቀቀች። "እጄን ያዝ። ዓይንህን አትክፈት። እኔ አለሁ" ትለዋለች፣ ድምፅዋ ሕፃን እንደምታስተኛ እናት ነው። መሳደብ እንደ እኔ የሚችል የለም ብዬ እኮራ ነበር። ሃያ ሰው እያየ፣ ያን ትልቅ ሰው በእጁ ይዛ አንድ አንድ እርምጃ ስታመጣው ግን የእኔ ስድብ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ሆኖ ታየኝ።

ተያይዘን ወረድን። መኪና ማቆሚያው ላይ ጄኔራሉ ቁልፉን አውጥቶ ሳያየኝ ሰጠኝ። "ሴት የነካችው ፍሪሲዮን አይበረክትም" እያለ አስነክቶኝ የማያውቅ መኪና ነው። እሱ ኋላ ወንበር ላይ ገብቶ ጥግ ያዘ። እታለም ዳሌዋ ሥር ትራስ አድርጋ ከጎኔ ተቀመጠች። ፊቷ ነጣ ብሏል፤ በጣም እንዳመማት ያስታውቃል። ግን አልተከፋችም።

ጥዶቹን አልፈን ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ አላስችል አለኝ።

"ታዲያ ከማዶ ምን አለ?"

"ምንም" አለች። "ይኸው ዓይነቱ ጉብታ ነው። ከጀርባውም ሌላ ጉብታ። ትንሽ እኮ ነው፤ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር።"

በመስታወቱ አየሁት። አልተኛም፤ እየሰማ ነው።

"ተራራውን ነው ወይስ..." አልኩና በአገጬ ወደ ኋላ አሳየኋት።

እታለም ቀዩን ጨርቅ ከአንገቷ ፈታች፣ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

"እሱንማ ያኔውኑ አይቼዋለሁ" አለች። "ያላየሁት ተራራውን ነበር።"