ሰባት ኮርስ በሁለት ወር

ዑባህ የሦስተኛ ዓመት የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ነበረች። ኮሮና የበላውን ጊዜ ለማካካስ የአራት ወሩ ትምህርት በሁለት ወር ይለቅ ሲባል፣ ሰባት ኮርስ በአንዴ ተከመረባት። ሰርኪዩት ስታነብ ፊዚዮሎጂው ያስጨንቃታል፤ ፊዚዮሎጂውን ስትገልጥ ያላስገባችው የላብ ሪፖርት ትዝ ይላታል። ከአንዱም ሳትሆን ትነሳና ኮሪደሩ ላይ ትመላለሳለች። የት ደረስሽ ላላት ሁሉ ግን መልሷ አንድ ነበር፤ “እየጨረስኩ ነው።”

የፕሮጀክት አጋሯ ናዝሬት ማክሰኞ ዕለት ስትጠይቃትም ያለቻት ይህንኑ ነው። ሁለቱ የልብ ምት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ እንዲሠሩ ተመድበዋል። ናዝሬት ሽቦውን በይዳ ጨርሳለች። ከሰውነት የሚመጣውን ምልክት ከረብሻ የሚያጠራው ፕሮግራም የዑባህ ድርሻ ነበር፤ እሷ ግን ከሦስት መስመር አላለፈችም።

አርብ ሊያቀርቡ፣ ሐሙስ ጠዋት ዑባህ “ፎቶኮፒ ላስደርግ” ብላ ወጣች። መናኸሪያው አጠገብ ለባቢሌ አንድ ሰው የጎደለው ሚኒባስ ቆሟል። ሳታስበው ገባች፤ ስልኳንም አጠፋች። የካራማራን ተራራ ሲያልፉ ደረቷ ቀለል ያለ መሰላት። የዳካታ ቋጥኞች ጋ ሲደርሱ ግን ጭንቀቱ ተመልሶ መጣ።

ባቢሌ ገበያ ውስጥ ለውዝ የምትሸጥ ሴት ጠራቻት።

“ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?”

“የለም።”

“ታዲያ ገበያውን ሦስት ጊዜ የዞርሽው ለምንድን ነው? ነይ፣ ቁጭ በይ።”

ዑባህ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ ስልኳን ከፈተችና ደወለች።

“ናዝሬት፣ ፕሮግራሙን አልሠራሁትም።”

“የቱን ክፍል?”

“ምኑንም። ዋሽቼሻለሁ።”

“ማክሰኞ ብትነግሪኝ እኮ አብረን እንሠራው ነበር። አሁን የት ነሽ?”

“ባቢሌ።”

“ባቢሌ ምን ትሠሪያለሽ?!”

ዑባህ ስልኩን ዘግታ ተነሳች። በመጀመሪያው መኪና ተመለሰች።

አርብ ዕለት መሣሪያዋ ስክሪኑ ላይ ያወጣችው መስመር ዝብርቅርቁ የወጣ ነበር። መምህር አምሀ መነጽራቸውን አወለቁ። “ይሄ ልብ ነው ወይስ የመሬት መንቀጥቀጥ?” ክፍሉ ሳቀ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አለች ዑባህ፣ ናዝሬት አፏን ሳትከፍት። “የእሷ ሥራ ተጠናቋል።”

መምህሩ ለናዝሬት ውጤቷን ሰጧት፤ ለዑባህ ፕሮግራሙን እንድትጨርስ የአሥር ቀን ጊዜ። ከክፍል ሲወጡም አስቆሟት።

“ስንት ኮርስ ይዘሻል?”

“ሰባት።”

“በትክክል የምትከታተይው ስንቱን ነው?”

“አምስቱን” አለች፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።

“እንግዲያው ሁለቱን ዛሬውኑ አሰርዢ።”

“ምረቃዬ ይዘገያል።”

“ይዘገያል” አሉና ሄዱ።

ሁለቱን አሰርዛ ፕሮግራሙን በዘጠነኛው ቀን አስረከበች። ከዚያ የቀረው ከባዱ ነገር አዲጋላ ላለው አባቷ መናገር ነበር። አባቷ ሻርማርኬ የምረቃዋን ዓመት ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ነው የከረመው።

“ታመሽ ነው?” አላት በስልክ ሰምቷት ሲጨርስ።

“አልታመምኩም። በዛብኝ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዓመቱ መጀመሪያ።”

“እኔ ደግሞ ድምፅሽ ሲቆራረጥ ኔትወርክ ነው እያልኩ…” አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ከዚያም ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቃት።

ናዝሬት ሰላምታ አልነፈገቻትም፤ የሚቀጥለውን ፕሮጀክት ግን ከሌላ ልጅ ጋር ሠራች። ዑባህ ብታዝንም አልተቀየመቻትም። ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ዘግይታ ስትመረቅ፣ ናዝሬት ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ አዳራሹ ውስጥ ከሻርማርኬ ጎን ተቀምጣ ነበር።