የፍልሰታ ዕለት ፈሰስ

እኔ አስቻለው በሰው ጥፋት ላይ አፌ የማይያዝ ሰው ነኝ። የአዲሱ መንደራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ያደረጉኝም ለዚሁ ነው። ከግጦሽ ወደ ተከለለው ተራራ ፍየል ስትወጣ ካየሁ የባለቤቷ ስም ወንዝ ማዶ ድረስ ይሰማል። እርከኑን ያልጨረሰ ጎረቤት እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ታዲያ ይኸው ቁጡ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ የአንዲት ሴት ዓይን ማየት አቅቶት ኖሯል።

ሴትዮዋ እትየ የኔነሽ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ከተራራው ናዳ ወርዶ ሰባት ቤት ሲጠርግ፣ መጀመሪያ የወሰደው የእሳቸውን ነው። ሰው ሁሉ ለቅሶ ለመድረስ ወጥቶ ስለነበር ነፍስ አልጠፋም። የእሳቸው ቤት ግን ከነጎተራው፣ ላሚቱም ከነጥጃዋ አፈር ውስጥ ቀሩ።

ያንን ናዳ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በፍልሰታ ዕለት፣ አገሩ ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ገብሴ ውሃ ተኝቶበት ቢጫ እየሆነ ስለነበር ዶማ ይዤ ወጣሁና ከማሳዬ ጫፍ ውሃ የሚያስወጣ አዲስ ፈሰስ ቆፈርሁ። በኛ አገር ፈሰስ የሚወጣው የታችኛው ባለመሬት ተጠርቶ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ስምምነት ተደርጎ ነው። እኔ በበዓል መቆፈሬ እንዳይታወቅ ብዬ ማንንም አልጠራሁም። ውሃውን ከእትየ የኔነሽ ቤት በላይ ወዳለው ተዳፋት ለቀቅሁት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ቅዳሴው ሳያልቅ ደረስሁ። ገብሱ ዳነ። በሦስተኛው ቀን ተራራው ወረደ።

እትየ የኔነሽ ግን ጥፋቱን ለራሳቸው ወሰዱት። ለካ በዚያው ዕለት እንዝርት ጨብጠው ኖሯል። «በእመቤታችን በዓል ፈትዬ አስቆጣኋት፤ መዘዜ ለሰው ሁሉ ተረፈ» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ላይ ይሰግዳሉ። እኔ በኋላቸው አልፌ እገባለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም «ኧረ ይብቃዎት እትየ፣ ጉልበትዎ አለቀ» አልኋቸው። መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዘንድሮ በግንቦት ከተራራው ርቀን፣ ጠንካራው መሬት ላይ ስድስቱን ቤት በደቦ ጨረስን። ሰባተኛው የእሳቸው ነበር። ድንጋዩ ተከምሮ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ መጡና እንቢ አሉ።

«የኔ ኃጢአት እናንተንም ይዞ ይወርዳል። ወገዳ ከተማ ከእህቴ ልጅ ዘንድ እሄዳለሁ» አሉ። ባላቸው የተቀበሩበትን ደብር ጥለው ሊሄዱ ነው።

ከወገዳ የመጣችው የአፈርና ውሃ ባለሙያ ሰናይት ሰማቻቸው።

«እማማ፣ ናዳው እኮ ከውሃ ነው የመጣው» አለች። «ከላይ ከማሳዎቹ ጫፍ ሣር የሸፈነው አንድ ፈሰስ አለ፤ ወደ ተዳፋቱ ነው የሚለቀው። ክረምቱ ሳይገባ መደፈን አለበት። የማን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጠርጥሮኝ አይደለም፤ ሰብሳቢ ነኝና ጥፋተኛውን እንደ ልማዴ ጮኼ እንዳወጣው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ አንሶ ወጣ።

«የኔ ነው። በፍልሰታ ዕለት ነው የቆፈርሁት። እትየ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

እርግማን ጠበቅሁ። ስለ ቤቱም ስለ ላሚቱም አንድ ቃል አልተናገሩም።

«ይብቃዎት ያልኸኝ ዕለት ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

«እየሰገድሁ እያየኸኝ?»

አቀረቀርሁ። እሳቸው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና ወደ ደቦው ዞሩ።

«በሉ ቤቴን ሥሩልኝ። እሱ ግን ድንጋይ እንዳያቀብል።»

በኛ መንደር ከደቦ የተመለሰ ሰው አላውቅም፤ የሌባም ጉልበት ይፈለጋል። የሚማልድልኝ ይኖር እንደሆነ ብዬ ዘወር ዘወር አልሁ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሳ ነበር። ዶማዬን ይዤ ብቻዬን ወደ ማሳዬ ወጣሁ።

ፈሰሱን ስደፍን ዋልሁ። ታች የደቦው ዘፈን ይሰማኛል፤ የእትየ የኔነሽ ግድግዳ ወገብ ሲደርስ አየሁት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰዉ እየተጠራራ ተቀመጠ። እኔንም የሚጠራኝ መስሎኝ ዶማዬን አቁሜ ጆሮዬን ሰጠሁ። ማንም አልጠራኝም።