የከፋዩ ጥላ
እናቴን ዋሽቻታለሁ። ፈረንሳይኛ የማጠናው ደብረ ብርሃን በምሠራበት መሥሪያ ቤት እድገት ለማግኘት ነው ብያታለሁ። ፈተናው ግን ለካናዳ ነው፤ ካለፍኩ ጠቅልዬ እሄዳለሁ።

እሷ ደግሞ «ልጄ ፈተናውን ካለፈችልኝ» ብላ ለሰፈሯ ማርያም የከፋይ ጥላ ተሳለች። ቅዳሜ አንኮበር ልጠይቃት ስሄድ ጥላውን አስገዝታ ጠበቀችኝ። ገና ሳልፈተን!

በራሴ ተናደድኩ። በንዴት ደብተሬን ገልጬ ለቃል ፈተናው ያዘጋጀሁትን መልስ በፈረንሳይኛ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ሀገሬን ለቅቄ እዚያው መኖር እፈልጋለሁ። እዚህ የሚያስቀረኝ ሰው የለም።»

እናቴ አንድም ቃል አልገባትም። ነጠላዋን አስተካክላ ከመቀመጫዋ ተነሣችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«አሜን ልጄ» አለችኝ፤ «እንዳፍሽ ያድርግልሽ።»