ሳይቀቡ ይምጡ

3.

እህቴ ቀኝ እጇን አንስታ «ንካው እስቲ» አለችኝ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

(ከ3 መጀመሬ ስህተት አይደለም። 1 እና 2ን ጽፌያቸው ነበር፤ ስለ ድሬዳዋ ሙቀትና ስለ ሰማዩ ብቻ ሆኑብኝና ተውኳቸው።)

4.

ፈትለወርቅ ትባላለች። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሥራ ስትጀምር ዲኦዶራንት ገዝቼ ሰጠኋት፤ በዚያ ወፍራም ዩኒፎርም ድሬ ላይ ያለ እሱ አይዋልም። ከዚያ ወዲህ ለምዳው ራሷ ትገዛለች። አሁን ብብቷ ስር ሽንብራ የምታህል እብጠት አለች።

ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

5.

ከዲኦዶራንቱ ጀርባ የተጻፈው፣ በገባኝ መጠን፦

አሉሚኒየም ምናምን። (ድስታችንም አሉሚኒየም ነው።)

ሽቶ። (የምን ሽቶ እንደሆነ አይልም።)

ፓራቤን የለውም። (ምን እንደሆነ እንጃ፤ ከሌለው ግን ምን አስጻፈው?)

6.

ምናልባት ያመጣባት ይሄው ነው።

7.

ሐኪሙ እብጠቱን ዳሰሰና ራጅ ትነሳ አለ። በሰጧት ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ በዕለቱ ዲኦዶራንት ሳይቀቡ ይምጡ።

አየህ፣ አልኩ ለራሴ። እነሱም ያውቃሉ ማለት ነው።

እሷም እንደኔው ነው የገባት። ጠርሙሱን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ቆይታ ደግሞ፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ «ያው አንተም ለደግ ብለህ ነው» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

8. (ይሄን አንተ፣ የምታነበው፣ አድርገው።)

ፀጉር ቤት ሂድ። ጋሽ ሙክታር ፂም ላጭቶ ሲጨርስ ፊት ላይ የሚያሸውን ነጭ ድንጋይ ጠይቀው። ለብብትም ይሆናል፣ ሽታ ያጠፋል ይልሃል። ኬሚካል አለው ወይ በለው። ይስቅብሃል።

«ድንጋይ እኮ ነው አንተ። ድንጋይ ደግሞ ምን ኬሚካል አለው?»

ካልተነካው በኩል ቆርሶ ይሰጥሃል። ወስደህ ለእህትህ ስጣት። በራጁ ዕለት ጠዋት፣ ሐኪም ፊት እንዳትሸት ፈርታ እያራሰች ስታሸው ቆመህ እያት። የተረፈውን ኪስህ ክተት። ደስ ይበልህ።

9. ራጅ ክፍል በር ላይ

ራጅ የምታነሳው ሲስተር ማህደር፦ ምን ተቀብተሽ ነው የመጣሽው?

ፈትለወርቅ፦ ምንም። አትቀቡ ይል የለ ወረቀቱ?

ሲስተር፦ ታዲያ ራጁ ላይ ይሄ ነጫጭ ነጠብጣብ ከየት መጣ?

ፈትለወርቅ፦ (ዞር ብላ እኔን ታያለች።)

እኔ፦ ድንጋይ ነው።

ሲስተር፦ የምን ድንጋይ?

(ከኪሴ አውጥቼ አሳያታለሁ።)

ሲስተር፦ ይሄም እኮ አሉሚኒየም አለው፣ ወንድሜ።

10.

ድንጋዩም።

11.

አስረዳችን። ሳይቀቡ ይምጡ የሚባለው ያሳምማል ተብሎ አይደለም። አሉሚኒየሙ ራጁ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ፣ ከሚፈለገው የበሽታ ምልክት ጋር ይምታታል። ታዲያ እብጠቱን ያመጣው እሱ ነው ወይስ አይደለም አልኳት። ብዙ ተጠንቷል፣ ካንሰር ያመጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አልተገኘም አለች።

በቂ።

ሲስተር ወደ ሥራዋ ስትመለስ እኔ እዚያው «በቂ» ላይ ቆሜ ቀረሁ። ትንሽስ ተገኝቷል? የትንሹን ማን ይነግረኛል?

12.

ፈትለወርቅ በሳሙና ታጥባ እንደገና ተነሳች። ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሸተትኩ እንዴ?»

«ኧረ አልሸተትሽም።»

ሸታለች። ትንሽ ላብ፣ ትንሽ የሆስፒታል ሳሙና። ልጆች ሆነን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ የነበረው ጠረኗ ነው። ረስቼው ኖሯል። ድንጋዩን መዳፌ ውስጥ ጨምቄ ይዤው ስለነበር፣ እጄን ሲያልበኝ መሟሟት ጀመረ።

13.

ሲስተር ማህደር በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

«ነጠብጣቡ ጠፍቷል» አለች። «ግቡ፣ ሐኪሙ ያናግራችሁ።»

ፈትለወርቅ ተነሳች። እኔ ድንጋዩን የማስቀምጥበት አጣሁ።

14. ነጠብጣቡ ሲጠፋ ራጁ ላይ የቀረው፦ (ይሄን የሚሞላው ሐኪሙ ነው።)