ከሥሩ ያልሰፋ ቦይ

«ቦይ ከአፉ ጠቦ ከሥሩ ካልሰፋ ብር አይነክስም» ይላል አባቴ፤ በናስ ላይ የብር ሐረግ ሲያስገባ ያረጀ ሰው ነው። የቦዩን ሥር በመሮ ጫፍ ግራና ቀኝ መፈልፈል ጣት ይገድላል። ብሩ ተቀጥቅጦ ከገባ በኋላ ደግሞ መስፋት አለመስፋቱን የሚያይ ዓይን የለም።

የሰፈራችን አዋላጅ ያዘዘችው የናስ ሣጥን ላይ የሐረጉን የመጨረሻዋን ቅርንጫፍ ቆፈረና ሥሯን ማስፋቱን ለእኔ ትቶ ወደ ዓይን ሐኪም ሄደ። እኔ ግን የብሩን ሽቦ በሙጫ አጣበቅሁት።

«አሰፋሻት?» አለኝ ሲመለስ።

«አዎ።»

በሦስተኛው ወር አዋላጇ ሣጥኑን አቅፋ መጣች። ቅርንጫፏ ተነቅላ እንደ ጥፍር ቆማለች።

«ጋሼ፣ ሣጥን ነው የሸጡልኝ ወይስ ድመት? ሹራቤን ተረተረው እኮ!»

አባቴ ሣጥኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፤ ቀጥሎም ወደ ዓይኑ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አስተካክዬ እልክልሻለሁ» አላት።

እርሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ካሰፋሽው የጎደለው ጥልቀቱ ነው። የቆፈርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከእጄና ከዓይኔ የቱ ቀድሞ ጡረታ ይወጣል ስል ነበር። ለካ ተማክረዋል።»



ከመሮዎቹ ቀጭኗን አነሣ፤ እናቴን ሳያገባ የገዛት ናት። በቤታችን ሥራ የሚተው ሰው መሮውን በገዛ እጁ ያደንዛል፤ አያቴም እንዲሁ አድርጓል። ጫፏን ሞረዱ ላይ አቁሞ ይፍቅ ጀመር። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው እጁን ያዝኩት።

«አባዬ፣ አላሰፋኋትም። ሙጫ ነው።»

ሣጥኑን ሳብ አድርጎ የአውራ ጣቱን ጥፍር በባዶው ቦይ ውስጥ አስኬደ፤ ቀስ ብሎ፣ እስከ ጫፏ። ጥልቀቱ ልክ ነበር። የደረቀ ሙጫ ቅርፊት ተነሣ፤ ጣቱ ላይ አድርጎ ተመለከተው።

«ይህን ቅድም አይቼው ነበር» አለ። «ዓይኔን ጠረጠርኩ። አንቺን አልጠረጠርኩም።»

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት መሮዋን መዳፌ ላይ አኖራት።

«ሞርጂያት። ከዚያ ሥሯን ታሰፊያለሽ። ሣጥኑንም አንቺው ትመልሺላታለሽ፤ የማን ጥፋት እንደሆነ በአፍሽ ነግረሽ።»

ሁሉንም አደረግሁ። የመሮዋ ስለት ተመለሰ፤ ቁመቷ ግን በጥቂቱ አጥሯል። ዛሬም በያዝኳት ቁጥር ጣቴ የጎደለውን ይፈልጋል።